ዘንገና ላይ ትንፋሽ የተማርኩበት ሳምንት

ጣና ደጃፉ ላይ የተንጣለለለት ሰው ውሃ ሊማር ወደ ደጋ ወጣ ሲባል የማይስቅ የለም። የሳቁብኝንም አልተቀየምኩም። ሃያ ዓመት ከባሕር ዳር ወደ ደሴቶቹ ጀልባ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ዋና የቻልኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው፤ ትንፋሽ ይዞ በመጥለቅ ደግሞ በጀልባ ማኅበራችን ውስጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን በየሻይ ቤቱ ደጋግሜ ስለተናገርኩ፣ ያልሰማ ሰው ካለ ከተማው ውስጥ ገና ትናንት የገባ ነው።

የሄድኩበት ምክንያት ግን አያስቅም። ባለፈው ክረምት ሙሉቀን የሚባል የጀልባዬ ረዳት ማዕበል ወስዶት ሰጠመ። ያን ዕለት ስንት ጊዜ እንደጠለቅሁ አላስታውስም። ትንፋሼ እስከፈቀደልኝ ድረስ እየወረድኩ ጭቃውን በእጄ ዳበስኩ፤ አላገኘሁትም። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ጠላቂ ከሩቅ መጥቶ እስኪያወጣው ሦስት ቀን አለፈ። እናቱ ሦስቱንም ቀን ከዳር ቁጭ ብለው ውሃውን ሲያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ከመካከላችን አንድ ሰው በመሣሪያ መጥለቅና ከውሃ ሥር ሰው መፈለግ ይማር ብሎ ወሰነ። የተገኘው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። እኔ ካላለፍኩ ሌላ ሰው መቼ እንደሚላክ የሚያውቅ የለም፤ ክረምቱ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ጣና ድፍርስ ስለሆነ ለጀማሪ አይመችም። የመጥለቅ መምህሩ የጠራና ሥሩን የሚያሳይ ውሃ ሲፈልጉ እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ መረጡ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በመኪና ሳልፍ ከመንገድ ዳር ብቻ ወደማውቀው ሐይቅ ጓዜን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ሰኞ

ሚስቴ ለአስተናጋጆቼ ይሆናል ብላ ስምንት የተጠበሰ ዓሣ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። መራዊን ሳናልፍ ሽታው ሚኒባሱን ሞላው። አንዲት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው መስኮት ይከፈት አሉ፤ ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ ነፋስ ይመታናል፣ ይዘጋ አለ። ዱርቤቴ እስክንደርስ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ቆየ። በመጨረሻ ረዳቱ ፍርድ ሰጠ፤ ዓሣው ጣሪያ ላይ ይውጣ፣ መስኮቱም ይዘጋ። ሁሉም ተስማማ፤ የኔን ሐሳብ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ዳንግላ ላይ ለቁርስ ስንወርድ ቀና ብዬ ባይ አንድ ቁራ ፌስታሉን ቀዶ ሥራውን ጀምሯል። ከስምንቱ አምስቱ ተረፉ። ቁርስ የበላሁበት ቤት ባለቤት ነገሩን ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ የተረፉትን ወደ ጓዳ አስገብታ በዘይት መልሳ አሞቀቻቸው፤ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በክር አሥራ አመጣችልኝ። ለድካሟ ምንም አልቀበልም አለች። እንዲያውም ሚኒባሱ ሲነሣ ከደጃፏ ቆማ ለረዳቱ ይህንን ዕቃ ጣሪያ ላይ እንዳታወጣ ብላ አዘዘችው፤ እሱም እሺ አለ። እኔ ብለምነው እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።

እንጅባራ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ በስስ ሸሚዝ ነው። ባሕር ዳር ሰው ጥላ ፍለጋ መንገድ ይሻገራል፤ እዚህ የሚሻገረው ፀሐይ ፍለጋ ነው። እኛ ጋ ባጃጅ የሞላውን ያህል እዚህ የፈረስ ጋሪ አለ፤ ፈረሶቹም የከተማ ትራፊክ ለምደው ባጃጅ ሲያልፍባቸው ጆሯቸውን እንኳ አያነሡም።

መምህራችን ዘሪሁን በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ጠላቂ የነበሩ፣ ኋላም በጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ ሲያጸዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፀጉራቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ግን እንደ ወጣት ሰፊ ነው። ከእኔ ሌላ አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች፤ ሰላም የምትባል፣ ከሐዋሳ የመጣች የዋና አሠልጣኝ። ያን ቀን ውሃ እንገባለን ብዬ ቸኩዬ ነበር። መምህሩ ግን ከቆላ የመጣ ሰው ሰውነቱ ከከፍታው ጋር እስኪስማማ አንድ ሌሊት ማደር አለበት አሉ። የባሕር ዳር ሰው መሆኔ በጥፋትነት የተቆጠረብኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያረፍነው ከሐይቁ በላይ ባለው ሰፈር፣ ምንይችል በሚባል ገበሬ ቤት ነው። ግቢው በቀርከሃ ታጥሯል፤ እኛ የተኛንበትን ክፍል ከጓዳው የሚለየውም በቀርከሃ የተሠራ ግድግዳ ነው። ምንይችል የእኔ እኩያ ነው፤ ባለቤቱ ይታይሽ ዝምተኛና ፈጣን ሴት ነች፤ የቤቱ አዛዥ ግን እናቱ እማማ ጥሩ ናቸው። ከልጃቸው ጋር በአገው ቋንቋ፣ በአውንጊ ያወራሉ፤ ለእኛ ሲሆን ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ ሲቆጡ ግን ለማንም ሰው በአውንጊ ነው። ዓሣውን ስሰጣቸው ቆጠሩና ከአንተ ሌላ አምስት ሰው እንደሆንን እንዴት አወቅህ ብለው መረቁኝ። ስለ ቁራው አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

ጣና ማዶው የት እንደሆነ ዓይን አይደርስበትም። ዘንገና ደግሞ ክብ ነው፤ ከአንዱ ዳር ቆሞ ማዶ ያለ ሰው ምን እንደለበሰ መለየት ይቻላል። ዙሪያው ደን ነው። እኛ ጋ ሩቅ ድረስ እየተራመዱ ይገባል፤ እዚህ ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ መሬት የሚባል ነገር የለም። ሐይቁ ወለል የለውም ብለው የነገሩን ብዙ ናቸው። መምህር ዘሪሁን ግን አስቀድመው ከዳሩ ሳይርቅ እንደ ሰፊ መደብ ያለ ቦታ ከውሃው ሥር አግኝተው ዙሪያውን በገመድ አጥረውታል። ከገመዱ ማዶ ያለፈ ሰው በዚያው ቀን ወደ አገሩ ይሄዳል አሉ።

የአየር ሲሊንደሮቹን ቁልቁለቱን ያወረደልን የምንይችል ፈረስ ነው። ዳማ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከቀላ ያለ ቡናማ መልኩ ነው። ሊያዩን የተሰበሰቡት የሰፈሩ ሰዎች ኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ነው ተባባሉ። መምህሩን ይህ ቃል ያናድዳቸዋል። ኦክስጅን አይደለም፣ እናንተ የምትተነፍሱት ያው አየር ታጭቆ ነው አሉ። አንድ ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና አየር ከሆነማ እዚህ ሞልቶ የለም ወይ፣ ከየት አመጣችሁት ብለው ጠየቁ። ባሕር ዳር ነው የተሞላው ብላቸው የቆላ አየር ለደጋ ውሃ እንደማይስማማ በሐዘኔታ ነገሩኝ።

የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነበር፤ ትንፋሽ አትያዙ። ሰው ከውሃ ሥር ከመሣሪያው አየር ስቦ እሱን እንደያዘ ወደ ላይ ቢወጣ፣ አየሩ ደረቱ ውስጥ እያበጠ ሳንባውን ሊቀደው ይችላል። ስለዚህ ምንም ይምጣ ምን፣ ይሳባል፣ ይወጣል። ሰላም ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ነቀነቅሁ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ጭንቅላቴ ከውሃ በታች በገባ ቅጽበት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የለመደው ሰውነቴ ደረቱን ሞልቶ ቆለፈ። አፌ ውስጥ መተንፈሻ አለ፣ ጀርባዬ ላይ ሙሉ ሲሊንደር አለ፤ እኔ ግን እንደ ጣናው ትንፋሼን ቆጥቤ ቁጭ አልኩ። ደረቱ የተነፋ ሰው ደግሞ አይወርድም። መምህሩ ክብደት እንዲሆነኝ ወገቤ ላይ አንድ የእርሳስ ቁራጭ ጨመሩልኝ፤ ተንሳፈፍኩ። ሌላ ጨመሩ፤ ተንሳፈፍኩ። ሰላም ታች ተንበርክካ ዓረፋዋን በልክ በልክ ስትለቅ ከላይ ሆኜ አያታለሁ። ከውሃ ስንወጣ በትሕትና፣ ጀልባ ነጂ ስለሆኑ ነው፣ ከላይ መሆን ይወዳሉ አለችኝ።

ረቡዕ

የጾም ቀን ስለሆነ ሳልቀምስ ገባሁ። ጣና ውስጥ በባዶ ሆዴ ስዋኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዘንገና ብርድ ግን ሌላ ነው። የጎማ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እንኳ መንጋጋዬ ይንገጫገጫል።

የዕለቱ ትምህርት ማስክ ማውለቅ ነበር። ከውሃ ሥር ተንበርክኮ፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነውን መስታወት ማውለቅ፤ ያለ እሱ ጥቂት ጊዜ በአፍ እየተነፈሱ መቆየት፤ ከዚያ መልሶ አድርጎ በአፍንጫ እፍ እያሉ የገባውን ውሃ ማስወጣት። ሰው ፈልጎ የሚጠልቅ ሁሉ አንድ ቀን ማስኩ ይወልቅበታል፤ ያን ጊዜ የሚደነግጥ ከሆነ የሚፈለገው ሰው ሁለት ይሆናል።

አወለቅሁ። ቀዝቃዛው ውሃ አፍንጫዬን ሲነካው ደረቴ ድርግም ብሎ ተዘጋ። በጭራሽ አልተነፈስኩም። መልሼ ለማድረግ ስሞክር ቀበቶው ጆሮዬ ላይ ተጠመዘዘ። ደግመን ሞከርን። በሁለተኛው ደረቴን እንደነፋሁ ወደ ላይ ተፈናጠርኩ፤ መምህር ዘሪሁን ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ጎተቱኝና ሆዴን በጡጫ መቱኝ። ያን ጊዜ ነው አየሩ የወጣው።

ዳር ላይ ስንወጣ መምህሩ አልጮሁብኝም። አጠገቤ ተቀምጠው የእግር መቅዘፊያዬን እያወለቁልኝ፣ “አንተ ጎበዝ ዋናተኛ ነህ። የሚገድልህም እሱ ነው” አሉኝ። “የማያውቅን ሰው አስተምራለሁ። ያለ አየር መቆየትን የለመደን ሰው ግን እንዴት እንደማስረሳው እንጃ። ነገ ውሃ አትገባም። ዓርብ አንድ ጊዜ እናያለን። ያኔም ከያዝክ በሚኒባስ እሸኝሃለሁ፤ እኔ ለሚስትህ ሬሳ ይዤ አልሄድም።”

በየሻይ ቤቱ የተኩራራሁበት ነገር ዞሮ ሊያባርረኝ ነው። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ደግሞ የሙሉቀን እናት ፊት እየመጣብኝ ተቸገርኩ፤ ማኅበሩ ቀጣዩን ክረምትም ያለ ጠላቂ ሊገባ ነው።

እማማ ጥሩ ሳልበላ ውሃ እንደገባሁ ሲሰሙ በአውንጊ ተቆጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጉዳዬን አቅርበዋል። አባ ብዙ ካሰቡ በኋላ ውሃ ሥር ያለ ሰው መንገደኛም በሽተኛም ሊባል ስለሚችል ዓርብ ጠዋት በሶ ይቅመስ ብለዋል። ሰላም የጴንጤ ልጅ ናት፤ የናንተ የጾም ሥርዓት እንዲህ ቅርንጫፍ እንዳለው አላውቅም ነበር ብላ ለረጅም ጊዜ ተደነቀች።

ሐሙስ

ሰላም ወደ ውሃው ስትወርድ እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቤት ቀረሁ። ምንይችል አየኝና ጥሊሊ ጉዳይ አለኝ፣ ና በፈረስ እንሂድ አለኝ። ለእኔ ዳማን፣ ለራሱ ከጎረቤት የተዋሰውን ፈረስ መረጠ። ዳማን ጭኖ የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ ጠበቅ አደረገና ትንሽ ቆይ ብሎኝ ወደ ሌላው ፈረስ ሄደ።

እኔ መቆየት ምን ያደርጋል ብዬ እግሬን እርካብ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ሁለት እርምጃ አልሄድንም፤ ኮርቻው ዞሮ ወደ ፈረሱ ሆድ ገባ፤ እኔም አብሬው ዞርኩና ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ዳማ እንኳ አልደነገጠም፤ አንገቱን ዞር አድርጎ አየኝ፣ ከዚያ ሣር መጋጥ ቀጠለ። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ብወድቅ ለዓመት መሳቂያ እሆን ነበር፤ እዚህ ያየኝ የምንይችል ቤተሰብና የሰፈሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ምንይችል አንሥቶ ጭቃዬን እያራገፈ አስረዳኝ። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል። አንተ ጥብቅ አድርጌ አሠርኩት ትላለህ፤ ያሠርከው ግን የሳበውን አየር ነው። ኋላ ሲተነፍስ ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ የአገሩ ሰው መጀመሪያ ላላ አድርጎ ያሥራል፤ ጥቂት ያራምደዋል፤ ያዋራዋል፤ ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ሲለቅ ጠብቆ ያኔ ያጠብቀዋል። እያሳየኝ ዳማን በግቢው ውስጥ ሁለት ዙር አዞረው። እውነትም ፈረሱ ፉፍ ብሎ ተነፈሰና ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ።

“ትናንት ከዳር ሆኜ ሳይህ ነበር” አለኝ ማሰሪያውን እየሳበ። “መምህሩ ገና ቀበቶህን ሲያሥሩልህ ደረትህን ነፍተሃል። ከመግባትህ በፊት ነው የያዝከው። አየር የሚያስገባ ነገር አትፈልግ፣ የሚያስወጣ ፈልግ።”

እስከ ጥሊሊ ድረስ ይህን ሳሰላስል ሄድኩ። ጀርባዬ ስላመመኝ ከማሰላሰል ሌላ አማራጭም አልነበረኝም። ጥሊሊ ላይ ምንይችል ገመድና ጨው ገዛ፤ ትኩስ ወተት ጋበዘኝ፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ቆሞ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ድንቹ ጠየቀ። እኔንም ውሃ ሥር የሚኖረው ሰው ይህ ነው እያለ አስተዋወቀኝ። ከፈረስ መውደቄን ለማንም አልተናገረም።

ስንመለስ መንገድ ላይ የሚያስወጣውን ነገር አገኘሁት። እኔ በሥራዬ ሁሉ ትንፋሼ የሚያልቅብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደቡ ላይ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠራ። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ! እሱን ስጮህ ደረቴ ባዶ ይሆናል። ሰው እየተጣራ ትንፋሽ ሊይዝ አይችልም። ዳማ ላይ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ሞከርኩት፤ ምንይችል ዞር ብሎ አየኝ።

ዓርብ

በሶዬን እማማ ጥሩ ከፊቴ ቆመው አስጠጡኝ። ውሃው ዳር መምህሩ ቀበቶዬን ሲያሥሩ እንደ ዳማ ሁለት ዙር ልራመድ ብዬ ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁም፤ ብቻ ሰላምን በግርምት አዩአት። ተራመድኩ፤ ደረቴን አራገፍኩ፤ ከዚያ ጠበቅ አደረጉልኝ። ማክሰኞ የተጨመሩትን እርሳሶች ደግሞ አስቀነስኩ።

ታች ስንበረከክ መምህሩ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እጃቸውን አነሡ፤ አሁን ማለታቸው ነው። ማስኩን አወለቅሁ። ብርዱ አፍንጫዬን መታው፤ ደረቴ ሊዘጋ ሲል በመተንፈሻው ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሌ ዘጌ ብዬ ጮህኩ። ዓረፋው ፊቴን እያንኳኳ ወጣ። ሳብኩ፤ ደቅ አልኩ። ሳብኩ፤ ቁንዝላ አልኩ። ከሳንባዬ የወጣው ሁሉ ተመልሶ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ነው ሰውነቴ ያመነው። ጎርጎራ ስደርስ ዞሬ ከዘጌ ጀመርኩ። ማስኩን መልሼ አድርጌ ውሃውን እፍ ብዬ ሳስወጣ መጀመሪያ ያየሁት የመምህር ዘሪሁንን ትከሻ ነው፤ ውሃ ሥር ሆነው በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ።

ላይ ስንወጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠልቅና ሳስተምር ተማሪዬ ተሳፋሪ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም አሉ። ሰላም ጀልባው ላይ ለእኔስ አንድ ቦታ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀች። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ፤ ሁለት ዓይነት ሽሮና የድንች ወጥ ነበር፤ እኛ ጋ ድንች ወጥ ማሟያ ነው፣ እዚህ ግን ስም ያለው ምግብ ነው።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ፈተና ሰው መፈለግ ነበር። መምህሩ በማለዳ ተነሥተው አሸዋ የሞሉበትን የድንች ጆንያ የሰው ቁመት አስመስለው አሠሩ፤ ለማልበስ አሮጌ ልብስ እንዲሰጧቸው ይታይሽን ጠየቁ። እሷም ጓዳ ገብታ የባሏን ካፖርት አመጣች። አረንጓዴ ነው፤ ክርኑ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጥፎበታል። ምንይችል በየበዓሉ፣ በየፈረስ ጉግሱ የሚለብሰው እሱን ብቻ ነው፤ እሷ ግን ከተጋቡ ጀምሮ ልትገላገለው ስትፈልግ ኖራለች። ባሏ ጎህ ሳይቀድ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ገበያ ሄዷል። ካፖርቱን ሰጠች፤ እህሏን ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች። መምህሩ ማንም ሳያይ ጆንያውን አስጥመው ተመለሱ። ለእማማ ጥሩ የነገራቸው አልነበረም። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገባን። እንደ ሁልጊዜው የሰፈሩ ሰው ዳር ላይ ተቀምጧል፤ እማማ ጥሩም መሀል ላይ ናቸው። መምህሩ ጭቃውን አስቀድመው ስላተራመሱት ከሥር ጨለማ ነበር፤ ዘንገና ለአንድ ቀን ጣና ሆነ። ሰላም አንድ ቦታ ላይ የገመዱን ጫፍ ይዛ ተንበረከከች፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ በእጄ ወለሉን እየዳበስኩ ግማሽ ክብ እሄዳለሁ፤ ጫፍ ስደርስ ገመዱን አንዴ እስባለሁ፤ እሷ ትለቅልኛለች፤ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ። ድንጋይ። ጭቃ። የበሰበሰ ግንድ። ጭቃ።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዙር ጣቴ ጨርቅ ነካ። እጅጌ ነበር።

ጆንያ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደማውቅ ለራሴ እየነገርኩት ልቤ ግን አልሰማኝም። ባለፈው ክረምት ስንት ጊዜ ወርጄ የፈለግሁት ያንን እጅጌ ነው። ደረቴ ሊቆለፍ ሲል የመጣልኝን ቃል ጮህኩ፤ የወደብ ስም አልነበረም፤ ሙሉቀን ነው ያልኩት። ዓረፋው ወጣ። ሳብኩ። ጆንያውን ከብብቱ ሥር አቀፍኩት፤ አግኝቻለሁ ለማለት ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳብኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እየተነፈስኩ፣ ይዤው ወጣሁ።

ጭንቅላቴ ብቅ ሲል የሰማሁት ጭብጨባ ሳይሆን ልቅሶ ነው። እማማ ጥሩ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ወደ ውሃው ይሮጣሉ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ቢጫው ክርን ከውሃው በላይ ወጥቶ ይታያል፤ ያንን ካፖርት የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ምንይችልን ደግሞ ከትናንት ማታ ወዲህ ያየው ሰው የለም። መምህር ዘሪሁን ጆንያ ነው፣ ጆንያ ነው እያሉ ይጮኻሉ፤ ማን ይስማቸው። አንዱ ስልክ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም፤ አይነሣም ብሎ እሱም ማልቀስ ጀመረ። እኔ አፌ ውስጥ መተንፈሻ ስላለ መናገር አልችልም፤ ባወጣውም ምን እንደምል አላወቅሁም።

በዚህ መሀል ከላይ ከገደሉ አፋፍ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ምንይችል ከገበያ መመለሱ ነው። በአገሩ ደንብ ልቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠይቃል። ከዳማ ላይ ዘሎ ወርዶ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ እያለቀሰ ቁልቁለቱን ወረደ። እንባው የእውነት ነበር። ሰው መሀል ገብቶ ጎረቤቱን አቅፎ ትንሽ ካለቀሰ በኋላ ቀና አለና “ማን ነው የሞተው?” ብሎ ጠየቀ።

ጎረቤቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። “አንተ” አለው።

እማማ ጥሩ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመዋል። ዞረው አዩት። ቀስ ብለው ወጡ፤ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ደረቱን በጡጫ መቱት። ምንይችል ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። “ካፖርቴን ማን ነው ውሃ የከተተው?” አለ። ያኔ ነው ሳቁ የፈነዳው። ሰዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ መምህሩም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሰላም የገመዷን ጫፍ እንደያዘች ውሃው ዳር ቁጭ አለች። ይታይሽ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ሰው ሁሉ አንድ ላይ አያትና ዱቄቷን እንደተሸከመች ወደ ቤቷ ገባች።

መምህር ዘሪሁን ማለፌን ነገሩኝ፤ ወረቀቱንም ዳር ላይ ፈረሙልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ጥሩ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የተቀቀለ ድንች ይልጣሉ፤ ቀሚሳቸው ገና አልደረቀም። እንዲያ በማስደንገጤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ቦታ ለቀቁልኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“የኔ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርህ” አሉኝ። “ሞተ ብዬ ሳለቅስ እንኳ፣ በልቤ አንድ ነገር ነበር። ወጣልኝ፤ ውሃው አላስቀረብኝም፤ እያልኩ ነበር።”

ዓይኔ ሞላ፤ እሳቸውም ያዩ አልመሰሉም። አንድ ድንች ልጠው፣ በሚጥሚጣ ነክረው አጎረሱኝ።